ከመንገድ ማዶ ልጅ አይጠራም

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ዓባይ በረሃን፣ ደጀንንና ደብረ ማርቆስን አልፎ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ደምበጫን መሐል ለመሐል ነው የሚያልፋት። መኖሪያ ቤቱ በአንዱ ወገን ከሆነ ሱቁ፣ ወፍጮ ቤቱ ወይም የዘመድ ቤቱ በሌላው ወገን ነው። ልጅ ጨውና ሳሙና ሲላክ፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ፣ ከጓደኞቹ ጋር ኳስ ሲያባርር ይህንኑ መንገድ ይሻገራል። በዚሁ መንገድ ላይ ደግሞ እህል፣ ሲሚንቶና ማዳበሪያ የጫነ መኪና ይመላለሳል። እንዲህ ያለ ከተማ ደምበጫ ብቻ አይደለም። በአውራ ጎዳና ዳር የተቆረቆሩት ከተሞቻችን ሁሉ ኑሯቸው ይኸው ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ እዚያው ደምበጫ ላይ በዓይኔ ያየሁት ነገር ነው። ታላቅ ወንድሜ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቡሬ የነበረኝን የቤተሰብ ጉዳይ ጨርሼ ወደ ደብረ ማርቆስ ስመለስ፣ እሱም በቆሎ ጭኖ ወደዚያው ስለሚወርድ ጋቢና አስገባኝ። ፍኖተ ሰላምን አልፈን ደምበጫ ስንደርስ ቀኑ ወደ ማምሻው ነበር። የገበያ ቀን ስለሆነ መንገዱ በሰው፣ በአህያና በባጃጅ ተጨናንቋል። ወንድሜ ማርሽ ቀንሶ ቀስ ብሎ ገባ። የፍጥነት መለኪያውን አየሁት፤ 30 ላይ ነበር።

በቀኝ በኩል አንድ ሚኒባስ ቆሞ ሰው ያወርዳል። በግራ በኩል፣ ከአንዲት ሱቅ ደጃፍ፣ ነጠላ የለበሱ እናት ቆመዋል። ድንገት ፊታቸው በራ፤ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው «ና! ና የኔ ጌታ!» ሲሉ በመስኮቱ ሰማሁ። ማንን እንደሚጠሩ ለማየት ወደ ቀኝ ዞር አልኩ። በዚያው ቅጽበት አምስት ዓመት የሚሆነው ልጅ ከሚኒባሱ አፍንጫ ሥር ተፈትልኮ መንገዱ ውስጥ ገባ። ወደ እኛ አላየም። ዓይኑ ማዶ ያሉት አያቱ ላይ ነበር።

ወንድሜ መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ ፍሬኑን ረገጠ። ጎማው አስፋልቱ ላይ ጮኸ፤ ከኋላ ጆንያው ተንሸራቶ የጭነቱን ሳንቃ ሲመታ ሰማነው። መኪናው ቆመ። ልጁ ግን አይታይም። ከፊታችን ያለው ባዶ አስፋልት ነው።

ወንድሜ ከመቀመጫው አልተነሳም። መሪውን እንደጨበጠ ቀረ። «ውረጂና እይልኝ፣ እቴ» አለኝ፤ ድምፁ የእሱ ድምፅ አልመሰለኝም። በሩን ከፍቼ ወረድኩ። ልጁ ከመኪናው ግንባር ሥር ቆሟል። አንድ ጭረት የለበትም። አላለቀሰም፤ አፉን ከፍቶ መኪናውን ሽቅብ ያያል። በእሱና በመኪናው መካከል ያለው ቦታ አንድ ክንድ አይሞላም።

ሰው ግር ብሎ መጣ። ገሚሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፤ ገሚሱ ሹፌሩ ላይ ይጮሃል። አያቱ መሬት ላይ ተቀምጠው ደረታቸውን እየመቱ «እሱን አትስደቡት፤ የጠራሁት እኔ ነኝ» ሲሉ ጩኸቱ በረደ። ወንድሜ የመንገዱ ዳር ላይ ተቀመጠ። ውኃ አመጡለት፤ እጁ ስለተንቀጠቀጠ ብርጭቆውን እኔ ያዝኩለት። የዚያን ዕለት መንዳት ስላልቻለ ደምበጫ አደርን።

ማታ ላይ እንዲህ አለኝ፦ «እቴ፣ በ40 ብገባ ኖሮ ያ ልጅ የለም። ሰው መኪና ትልቅ ስለሆነ ሁሉን የሚያይ ይመስለዋል። እኔ ከፊቴ የጠፋኝን ልጅ ከየት ላየው?» ትንሽ ቆየና ደግሞ «የእኔም ትንሹ ልጅ እኮ አምስት ዓመቱ ነው» አለ።

ወንድሜ ያለው ነገር በሒሳብ ሲታይ ልክ ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ከ8 ሜትር በላይ ይጓዛል። ሹፌር አደጋውን አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ ቢያንስ አንድ ሰከንድ ያህል ያልፋል፤ በዚያች ሰከንድ መኪናው በሙሉ ፍጥነቱ ላይ ነው። ጭነት ያለው መኪና፣ ፍሬኑ ደህና ሆኖ አስፋልቱም ደረቅ ሆኖ፣ በ30 ፍጥነት እስኪቆም ድረስ በድምሩ ወደ 15 ሜትር ይፈልጋል። በ40 ሲሆን ወደ 24፣ በ60 ደግሞ ወደ 45 ሜትር ይደርሳል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከያዘ በኋላ የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ነው። ክረምት ላይ፣ አስፋልቱ ሲረጥብ፣ ከዚህም ይብሳል።

ሁለተኛው ነገር የሹፌሩ ዓይን ነው። የጭነት መኪና ጋቢና ከፍ ያለ ነው። ሹፌሩ ሩቁን አሻግሮ ያያል፤ ከግንባሩ ሥር የቆመ ትንሽ ልጅ ግን ከዓይኑ ይሰወራል። በቀኝ በር በኩል ተጠግቶ የሚሄድም፣ ከኋላ የቆመም እንዲሁ ነው። ልጅ ግን መኪናውን ስላየ መኪናውም ያየው ይመስለዋል።

ሦስተኛውና ለእኛ ለወላጆች ዋናው ነገር የልጁ አእምሮ ነው። ስዊድናዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ስቲና ሳንደልስ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ትንንሽ ልጆች መንገድ ላይ የሚያሳዩትን ባሕርይ አጥንታ ነበር። የደረሰችበት ነገር ለብዙ ወላጅ አስደንጋጭ ነበር። ትንሽ ልጅ ምንም ቢመከር የመንገድን አደጋ እንደ አዋቂ ሊያገናዝብ አይችልም፤ እልከኛ ስለሆነ ሳይሆን ዕድሜው ስላልፈቀደ ነው። የመኪናን ፍጥነትና ርቀት መገመት ይቸግረዋል። ልቡ አንድ ነገር ላይ ካረፈ ሌላው ሁሉ ይጠፋበታል። የሚወዳት አያቱ ማዶ ቆማ ስትጠራው መንገዱም መኪናውም ለእሱ የሉም፤ ያለችው አያቱ ብቻ ናት።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ እንደሚሞት፣ ከ5 እስከ 29 ዓመት ባለው ዕድሜ ደግሞ ቀዳሚው ገዳይ ይኸው እንደሆነ ገልጿል። በአገራችን ትልቁ አደጋ ዜና ይሆናል። ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በሲዳማ ክልል ቦና ዙሪያ ወረዳ ሰርገኞችን የጫነ አይሱዙ ወንዝ ገብቶ ከ70 ሰው በላይ ሲሞት አገር ሰምቶ አዝኗል። አንድ ልጅ ከደጁ ፊት ሲገጭ ግን የሚያውቀው ሰፈሩ ብቻ ነው።

ሹፌሩን መውቀስ ቀላል ነው። ሕዝቡ አይሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብሎ የሰየመው ያለ ምክንያት አይደለም። በከተማ ውስጥ የሚበር ሹፌር ሊጠየቅ ይገባዋል። ነገር ግን የተጠነቀቀ ሹፌርም ቢሆን ከሚኒባስ ሥር የሚፈተለክ ልጅን ማዳን የሚችለው ዕድል ሲረዳው ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው። ከእኛ የሚጠበቀው ብዙም አይደለም።

ልጅዎን ወይም የልጅ ልጅዎን መንገድ ማዶ ካዩት አይጥሩት፤ እጅዎንም አይዘርጉለት። ሊሮጥ ከተነሳ «ቁም! እዚያው ጠብቀኝ!» ይበሉትና ተሻግረው ይያዙት። «ቁም» ሲባል ባለበት መቆምን በግቢ ውስጥ እንደ ጨዋታ አድርገው ያለማምዱት።

ከትምህርት ቤት ወይም ከመንገድ የሚመጣ ልጅ ካለ፣ ከመኪና በሚወርድበት ወገን ሄደው ይጠብቁት። ከሚኒባስም ከባጃጅም ሲወርድ መኪናው ተነስቶ እስኪሄድ ድረስ ከፊቱም ከኋላውም አይሻገር።

በእግር ሲሄዱ የመንገዱን ግራ ይያዙ፤ የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት ያዩታል። ልጁን ከአስፋልቱ በራቀው ጎንዎ ያድርጉት። ጣቱን ብቻ ሳይሆን የእጁን አንጓ ይያዙ፤ ጣት ያመልጣል።

ዕድሜው አሥር ያልሞላ ልጅ አውራ ጎዳና ተሻግሮ ዕቃ እንዲገዛ አይላክ። ጨው ቢያልቅ ከጎረቤት ይበደሩ፤ ወይም ራስዎ ይሂዱ። ኳሱ መንገድ ከገባ ተከትሎ እንዳይሮጥ፣ አዋቂ እንዲጠራ ደጋግመው ይንገሩት፤ ኳስ ይገዛል።

አያቶች በተለይ ይህን ልብ ይበሉ። ልጁ የሚሮጠው ስለሚወድዎት ነው። ከናፈቀዎት እርስዎ ይሻገሩለት። ግራና ቀኝ አይተው፣ ቀስ ብለው ይሂዱ። እሱ እስኪደርሱ ባለበት ይቆይዎታል።