የአንዲት ትንሽ የዲዛይን ቤት ውሎ



ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ካሉት የሐበሻ ሱቆች ወደ አንዱ ከእናታችሁ ጋር ስትገቡ፣ በሩ አጠገብ የተቆለሉትን ወረቀቶች አይታችኋል አይደል? የኮንሰርት ማስታወቂያ አለ፤ ቢዝነስ ካርድ አለ፤ ግድግዳው ላይ ሜኑ ተሰቅሏል፤ የበርበሬው ማሸጊያ ላይ ደግሞ ሥዕል አለ። እነዚህን ሁሉ ማን ሠራቸው? አንድ ሰው ቁጭ ብሎ አስቦ፣ ሥሎ፣ ፊደሉን ደርድሮ ነው የሠራቸው። ይህ ሥራ ዲዛይን ይባላል።

እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ አስተምራለሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ግን ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከአንድ ባልደረባዬ ጋር በአንዲት ትንሽ የዲዛይን ቤት እሠራለሁ። ባልደረባዬ የሚኖረው አሌክሳንድሪያ ስለሆነ የዚያን አካባቢ ሥራ እሱ ያደርሳል። ሁለት ኮምፒዩተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ጀበና፤ ንብረታችን በቃ ይኸው ነው። ዛሬ ውሏችንን ላጫውታችሁ።

ጠዋት፦ ጥያቄ መጠየቅ

ደንበኛ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሚለው «የሚያምር ነገር ሥሩልኝ» ነው። እኛ ግን ወዲያው መሣል አንጀምርም። መጀመሪያ እንጠይቃለን። ለማን ነው? የት ነው የሚታየው? ስንት ቅጂ ይታተም? መቼ ይድረስ? ከመኪና ውስጥ የሚነበብ ባነርና በእጅ የሚያዝ ካርድ አንድ አይደሉም። ባነር ላይ ጥቂት ቃላት በትልልቁ ይጻፋሉ፤ ካርድ ላይ ግን ስልኩም አድራሻውም መግባት አለበት።

ቀጥሎ ዋጋ እንነጋገራለን፤ ግማሹንም ቀብድ እንቀበላለን። እዚህ ላይ ይሉኝታ ይመጣል። ደንበኞቻችን ብዙዎቹ የምናውቃቸው ሰዎች ናቸው። «እንዴ! ለኔም ቀብድ?» ይላሉ። ግን አስቡት፤ ሦስት ቀን ሙሉ ከሠራን በኋላ ደንበኛው ሐሳቡን ቢቀይር የቤት ኪራዩን በምን እንከፍላለን? ስለዚህ ፈገግ ብለን ደረሰኝ እንቆርጣለን።

ረፋዱ ላይ፦ እርሳስና ቀለም

ከዚያ ኮምፒዩተሩን ሳንነካ በእርሳስ ሦስት ረቂቅ እንሥላለን። እርሳስ ፈጣን ነው፤ ደስ ካላለህ ታጠፋለህ፣ በቃ። ደንበኛው ከሦስቱ አንዱን ሲመርጥ ወደ ኮምፒዩተር እናስገባዋለን።

ቀለም ላይ አንድ ምስጢር ልንገራችሁ። የኮምፒዩተር ስክሪን ቀለም የሚሠራው በብርሃን ነው፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን ይቀላቅላል። ማተሚያ ቤት ግን የሚጠቀመው አራት ዓይነት የማተሚያ ቀለም ነው፤ ውሃ ሰማያዊ፣ ደማቅ ሮዝ፣ ቢጫና ጥቁር። ስለዚህ ስክሪን ላይ የሚያበራው አረንጓዴ ወረቀት ላይ ደብዘዝ ብሎ ሊወጣ ይችላል። «ኮምፒዩተሩ ላይ እንዲህ አልነበረም!» የሚል ቅሬታ የሚመጣው ከዚህ ነው። መድኃኒቱ አንድ ቅጂ አስቀድሞ አትሞ ማሳየት ነው።

ልክም አለ። እዚህ አገር ቢዝነስ ካርድ ብዙ ጊዜ 3.5 በ2 ኢንች ነው። እኛ ግን 3.75 በ2.25 አድርገን ነው የምንልከው። ለምን መሰላችሁ? መቁረጫው ትንሽ ቢስት ዳር ላይ ነጭ መስመር እንዳይቀር፣ በየጎኑ አንድ ስምንተኛ ኢንች ትርፍ ቀለም እንተዋለን።

ከሰዓት በኋላ፦ ከፊደል ጋር

የእንግሊዝኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ አለው፤ የኛ የለውም። ስለዚህ አንድን ቃል ለማጉላት መጠኑን ወይም ቀለሙን እንለውጣለን። ደግሞም አንድ ፊደል ከሳተ ትርጉሙ ይገለበጣል። አንድ ሜኑ ላይ «የበግ ጥብስ» ለማለት «የበጋ ጥብስ» ቢጻፍ፣ እንግዳው «የክረምቱስ የት አለ?» ብሎ ይስቅብናል።

ድሮ ሌላም ችግር ነበር። እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም ፊደሉን በራሱ መንገድ ነበር የሚያስቀምጠው። አንዱ ቤት የተጻፈው ሌላው ቤት ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1999 ግን የኛ ፊደል ዩኒኮድ ወደሚባለው የዓለም የጋራ ሰንጠረዥ ገባ። እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ተሰጠው። «ሀ» በኮምፒዩተሩ አቆጣጠር 1200 ነው፤ «ለ» ደግሞ 1208። ዛሬ ስልካችሁ ላይ «ሰላም» ብላችሁ ለአያታችሁ ስትልኩ አዲስ አበባ ላይም «ሰላም» ሆኖ የሚደርሰው በዚህ ምክንያት ነው። አሁንም ቢሆን አንዳንድ ደንበኛ የድሮ ፋይል ያመጣልናል፤ ያን ጊዜ ቁጭ ብለን እንደገና እንጽፈዋለን።

እርማት፦ ያቺ ዘጠኝ ሰዓት

አንድ ጊዜ የሠራነውን ስሕተት ልንገራችሁ። የሠርግ ጥሪ ካርድ ነበር፤ በአንድ በኩል አማርኛ፣ በሌላው በኩል እንግሊዝኛ። የአማርኛው በኩል «ከቀኑ 9 ሰዓት» ይላል። ባልደረባዬ በጥድፊያ የእንግሊዝኛውንም በኩል 9 ብሎ፣ ያውም የማታ አድርጎ ጻፈው። እኔም አነበብኩት፤ አላየሁትም። 200 ካርድ ታተመ።

ደንበኞቹ ሊወስዱ ሲመጡ የሙሽራዋ ታናሽ እኅት አብራ ነበረች። የ10 ዓመት ልጅ ናት። ካርዱን ገለበጠችና «በአማርኛ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ይላል። እንግሊዝኛው ግን የማታ ነው። ልክ ነው እንዴ?» አለች።

ቤቱ ጸጥ አለ። ልክ አልነበረም! በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት በፈረንጅ ከሰዓት በኋላ 3 ሰዓት ነው። የስድስት ሰዓት ልዩነት አለ። አሜሪካኖቹ እንግዶች ሙሽሮቹ ኬክ ቆርሰው ሊሄዱ ሲሉ ይደርሱ ነበር ማለት ነው።

ጥፋቱ የኛ ስለነበረ በራሳችን ወጪ እንደገና አሳተምን። ሒሳቡን እስቲ አብረን እንሥራው። የሥራው ዋጋ 400 ዶላር ነበር። ለማተሚያ ቤት 180 ከፈልን፤ 220 ቀረን። እንደገና 180 ስንከፍል የቀረን 40 ዶላር ነው። የሁለት ሰው የአራት ቀን ድካም!

ከዚያ ወዲህ ሕግ አወጣን። ማንኛውም ሥራ ሦስት ጊዜ ይነበባል፤ አንድ ጊዜ ለፊደል፣ አንድ ጊዜ ለስምና ለቁጥር፣ ሦስተኛውን ደግሞ ሥራውን ከዚያ በፊት ያላየ ሰው ያነበዋል። በመጨረሻ ደንበኛው ይፈርማል። ቀን ሲሆንም እንጠነቀቃለን። መስከረም 1 እዚህ ሴፕቴምበር 11 ነው፤ በአራት ዓመት አንዴ ግን ሴፕቴምበር 12 ይሆናል።

ማታ፦ ሒሳብና ጽዳት

ሊመሽ ሲል ያልከፈሉትን እናስታውሳለን፤ የቀኑን ሥራ በሁለት ቦታ እናስቀምጣለን፤ ጠረጴዛችንን እናጸዳለን። ሰው የዲዛይን ሥራ ሥዕል ብቻ ይመስለዋል። ግማሹ ግን መጠየቅ፣ ማረምና ሒሳብ መያዝ ነው።

ከኛ የቀደሙ

በዚህ ከተማ ትልልቅ የሐበሻ ሠዓሊዎች ኖረዋል። እስክንድር ቦጎሲያን ለብዙ ዓመታት ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል፤ ያረፈው በ2003 ነው። በ2001 እሱና ሠዓሊዋ ከበደች ተክለአብ ሆነው ዋሽንግተን ላለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ግድግዳ «ኔክሰስ» የተባለውን የአሉሚኒየም ሥራ ሠርተዋል። እነሱም እንደኛ ሁለት ሆነው ነበር!

ሠዓሊዎች ሲሠሩ ማየት ከፈለጋችሁ አሌክሳንድሪያ ወንዙ ዳር ያለውን ቶርፒዶ ፋክተሪ ወላጆቻችሁ ያሳዩአችሁ። ድሮ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ነበር፤ ከ1974 ጀምሮ ግን የሠዓሊዎች ስቱዲዮ ሆኗል።

አዳዲስ ቃላት
ቀብድ፦ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሚከፈል ገንዘብ
ረቂቅ፦ ገና ያላለቀ የመጀመሪያ ሥራ
እርማት፦ ስሕተትን ፈልጎ ማስተካከል
ደረሰኝ፦ ገንዘብ መከፈሉን የሚያሳይ ወረቀት

ጥያቄዎች
1. ጥሪው «ከቀኑ 8 ሰዓት» ቢል በእንግሊዝኛው በኩል ስንት ሰዓት ተብሎ ይጻፋል?
2. ስሕተቱ ባይኖር ኖሮ 220 ዶላሩ ለሁለት ሲካፈል ለእያንዳንዳችን ስንት ይደርሰን ነበር?
3. 3.5 በ2 ኢንች ወረቀት ቁረጡና ስማችሁን በአማርኛ ጽፋችሁ የራሳችሁን ካርድ ሥሩ። ለሚቀጥለው ቅዳሜ አምጡት። ግን ከማምጣታችሁ በፊት ሌላ ሰው ያንብበው!

ደህና ሰንብቱ!