የፋርስ ወይዛዝርት በሠዓሊ ዓይን

አንድ ቀን የጥንት የፋርስ ሥዕል ለተማሪዎቼ ባሳይ ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። የሥዕሏ ወይዘሮ ቅንድቦቿ ከአፍንጫዋ በላይ ተጋጥመው አንድ መስመር ሆነዋል፤ ከላይኛው ከንፈሯም በላይ ስስ የጠጕር ጥላ ይታያል። «እንግዲህ ይህችም ቆንጆ ልትባል ነው?» አለ አንዱ። መልሱን ለማግኘት ጥቂት ዘመናት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል፤ ዓመቶቹንም የምጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ከ1524 እስከ 1576 በነገሠው በሻህ ታህማስፕ ዘመን፣ ሻህናሜ ለተባለው የነገሥታት ታሪክ መጽሐፍ 258 ሥዕሎች ተሠርተው ነበር። በዚያ ዘመን ሥዕሎች ሴቲቱ ረጃጅም ቀሚሶች ደራርባ፣ ነጭ ሻሽ በራሷ ላይ ጣል አድርጋ፣ የሉል ድርድር በአገጯ ሥር አዙራ ትታያለች። ወጣቱን ወንድና ወጣቷን ሴት የሚለያቸው ልብሳቸው ነው እንጂ ፊታቸው አይደለም፤ ሁለቱም እንደ ሙሉ ጨረቃ ክብ ፊትና ትንሽ አፍ አላቸው። ሻህ አባስ በ1598 ዋና ከተማውን ኢስፋሃን ካደረገ በኋላ ደግሞ ስመ ጥሩው ሠዓሊ ሬዛ አባሲ ቀጭን ወገብና በጉንጭ ላይ የወረደ ጥቅል ጠጕር ያላቸውን ሰዎች፣ አንድ አንዱን ለብቻው እየሣለ ገነነ።

ከ1797 እስከ 1834 በገዛው በፈትህ ዓሊ ሻህ ዘመን ግን ሥዕሉ ከመጽሐፍ ወጥቶ፣ በዘይት ቀለም ተሠርቶ በቤተ መንግሥት ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ወይዘሮዋ ከስስ ጨርቅ የተሰፋ ሸሚዝና በጥልፍ የከበደ ሰፊ ልብስ ለብሳለች፤ ዓይኗን ተኩላለች፤ ጣቶቿ በሂና ቀልተዋል። እንሶስላ የሚሞቁትን እናቶቻችንን ለምናውቅ ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የታሪክ ምሁሯ አፍሳነህ ናጅማባዲ በ2005 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ ተማሪዎቼን ያሳቀው ያ ስስ የከንፈር ጠጕር በ19ኛው መቶ ዓመት ኢራን የውበት ምልክት ነበረ።

ይሁን እንጂ ሥዕልን እንደ ምስክር ስንቀበል መጠንቀቅ አለብን። ሴቶቹ ከቤት ሲወጡ ከራስ እስከ እግር ይሸፈኑ ነበር፤ በሥዕሎቹም ብዙ ጊዜ የምናያቸው ዘፋኞች፣ ሙዚቀኞችና ተገልባጭ ተጫዋቾች ናቸው። ምንጣፍ ስትሠራ የምትውለው የገጠር ሴት በዚያ ግድግዳ ላይ ቦታ አልነበራትም። ከ1848 እስከ 1896 የነገሠው ናስር አል ዲን ሻህ ፎቶግራፍ ማንሣት ይወድ ስለ ነበር ሚስቶቹን ራሱ አንሥቷቸዋል። ወፍራሙ ቅንድብ በፎቶግራፉም ላይ አለ፤ ሠዓሊዎች የሣሉት የመቃ ወገብ ግን የለም። እንግዲህ ቅንድቡ የሴቶቹ ነበር፤ ወገቡ የሠዓሊዎቹ ምኞት ነበር ማለት ነው።

ያን ቀን ከክፍሉ ያልሳቀች አንዲት ልጅ ነበረች፤ የእርሷም ቅንድብ በተፈጥሮው የተጋጠመ ነው። ደወል ከተደወለ በኋላ መጥታ ሥዕሉን እንደገና እንዳሳያት ጠየቀችኝና ብዙ ቆማ አየችው። እናንተም በሲኒማ ማስታወቂያና በመጽሔት ገጽ ላይ ያለውን መልክ አይታችሁ በመስተዋት ፊት ስታዝኑ ይህን አስቡ፤ የውበትን ልክ የሚቈርጠው ዘመን ነው፤ ዘመንም ሐሳቡን ይለውጣል።