ታብሌቱን እንደ ዳዊት

መረጃ ሰብሳቢ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ላሊበላ ነው፤ እንጀራዬ ግን በላስታ ገጠር ቀበሌዎች ቤት ለቤት እየዞሩ መጠየቅ ነው። ቤቱ ውስጥ ስንት ሰው ይኖራል? የልጆቹ ዕድሜ ስንት ነው? ውኃ የምትቀዱት ከየት ነው? ድሮ መልሱን በወረቀት እንሞላ ነበር፣ አሁን በታብሌት ሆኗል። ታብሌቱን አብዛኛውን ጊዜ የምጠቀመው ቆሜ ነው፤ በግራ እጄ እይዛለሁ፣ በቀኜ እጽፋለሁ፣ ውሻም ይጮህብኛል። ሰው ታብሌት ሲገዛ ስለ ካሜራውና ስለ ባትሪው ይጠይቃል። ለሚይዘው እጅ ይመች እንደሆነ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አላጋጠመኝም።

መጀመሪያ የሠራሁበት ባለ 10 ኢንች ነበር። የዚህ ዓይነቱ ታብሌት ግማሽ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው አይፓድ 680 ግራም ነበር፣ በ2013 የመጣው አይፓድ ኤር 469 ግራም። ለጆሮ ትንሽ ነው። እጅን የሚያደክመው ግን ሸክሙ ከእጅ አንጓ የሚርቅበት ርቀት ጭምር ነው። ግማሽ ኪሎ ምስር በፌስታል አንጠልጥሎ ከገበያ ቤት መግባት ማንንም አያደክምም። ያንኑ ምስር ሰፌድ መሀል አድርጉትና ሰፌዱን በአንድ እጅ ከጠርዙ ብቻ ይዛችሁ ሩብ ሰዓት ቁሙ። አውራ ጣታችሁ ሥር ያለው ሥጋ መቃጠል ይጀምራል፣ ቀጥሎ አንጓ፣ ቀጥሎ ክርን። የእኔ አንድ ቃለ መጠይቅ ደግሞ ከአንድ ሰዓት ያልፋል።

መላውን ያገኘሁት ከአሸተን ማርያም በታች ካለ መንደር፣ ከአንድ አረጋዊ ቄስ ነው። ጥያቄዬን ሳልጨርስ፣ «ልጄ፣ እጅሽ ይንቀጠቀጣል። ይህ ነገር ማኅደር የለውም?» አሉኝ።

«አንቱስ ዳዊት ሲደግሙ እጅዎ አይዝልም፣ አባ?» አልኳቸው።

ዳዊታቸውን ከማኅደሩ አውጥተው አሳዩኝ። መዝሙሩ፣ ጸሎተ ነቢያቱ፣ ውዳሴ ማርያሙ በአንድ ጥራዝ ተሰፍቶ መዳፍ ላይ ያርፋል። ጀርባው መዳፉ ላይ ይቀመጣል፣ አራቱ ጣቶች ከሥር ይደግፉታል፣ አውራ ጣት ከላይ ገጹን ይይዛል። ጠርዙን ቆንጥጦ የሚይዝ የለም። መንገድ ሲሆን በማኅደሩ ጠፍር ትከሻ ላይ ይንጠለጠላል፣ ሁለቱም እጅ ነፃ ነው። አባቶቻችን በእጅ የሚያዝ ጽሑፍ ምን ያህል መሆን እንዳለበት በመዳፋቸው ለክተው ጨርሰውታል። ቅዳሜ ገበያ ወርጄ አንድ ቆዳ ሰፊ ጋ ማኅደር አሰፋሁ፤ ትከሻ ላይ የሚውል ጠፍር አለው፣ ከጀርባው ደግሞ እጄን የማስገባበት ማሰሪያ። ታብሌቱንም በባለ 8 ኢንች ለወጥኩ። ከዚያ ወዲህ ክርኔን አሞኝ አያውቅም።

መጻፉ ሌላ ጣጣ አለው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬ የአማርኛ የቁልፍ ገበታ ስልክ ላይም ታብሌት ላይም አለ። ነገር ግን 33 ፊደል በ7 ቤት ሲባዛ 231 ነው፣ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር። ያን ሁሉ መስታወት ላይ መደርደር ስለማይቻል፣ እኔ በምጠቀምበት ገበታ ሳድስ በአንድ ንክኪ፣ ሌላው በሁለት ይጻፋል። «ወለተ ማርያም» ለማለት ከነክፍት ቦታው 13 ጊዜ መንካት አለብኝ። ፀሐዩን ፀ ከጸሎቱ ጸ፣ ሐመሩን ሐ ከሃሌታው ሀ ለመለየት ደግሞ ጣቴን ማቆየት ይኖርብኛል። ብዙዎች ያገኙትን ጽፈው ያልፋሉ። እኔ አላልፍም፤ ስም የባለቤቱ ነው። ታብሌቱ ሰፊ ከሆነ በአንድ ጣት የሚጽፍ ሰው ከዳር እስከ ዳር ይመላለሳል። ባለ 8 ኢንቹን ቁመቱን ሽቅብ አድርጌ ስይዝ ገበታው በሙሉ ጣቴ ሥር ነው።

መደብ ላይ ተቀመጪ ሲሉኝ ደስ ይለኛል፣ ብራናውን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ እንደሚጽፍ ቁም ጸሐፊ ጉልበቴ ላይ አኖረዋለሁ። ያኔ የሚያመው ማጅራት ነው፣ አንገት ወደ ታች ስለሚሰበር። የጋቢዬን ጫፍ አጥፌ ከታብሌቱ ራስጌ ሥር እሸጉጣለሁ፤ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ሲል አንገቴ ይቀናል።

ወደ አቡነ ዮሴፍ ስንወጣ ደግሞ ብርዱ አለ። የተራራው ጫፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው፣ ወገቡም ቢሆን ጠዋት ጠዋት ጣት ያደርቃል። የታብሌት መስታወት ጣትን የሚያውቀው ላዩ ላይ ባለው ስስ የኤሌክትሪክ መስክ ለውጥ ነው። የሱፍ ጓንት ያን ይጋርደዋል፣ ስለዚህ በባዶ እጅ መጻፍ ግድ ነው። የዝናብ ጠብታ ግን ጣት ይመስለውና ያልተነገረ መልስ ይሞላል። ብርድ ባትሪውንም ያዳክማል። ታብሌቱን ከነማኅደሩ ከጋቢዬ ሥር እይዘዋለሁ፣ ጣቴንም እዚያው አሞቃለሁ።

ታብሌት ይዤ የምዞረው እኔ ብቻ አይደለሁም። 3ኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በ1999 ዓ.ም የተሞላው በወረቀት ነበር። በ2008 ዓ.ም የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት በታብሌት ሆነ። ለ2011 ዓ.ም ታቅዶ ለተራዘመው 4ኛው ቆጠራም ወደ 180 ሺህ ታብሌት ተገዝቶ ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም የየቤቱን መዝገብ በታብሌት መያዝ ከጀመሩ ቆይተዋል። ዕቃውን የምትገዙ ሰዎች ሆይ፣ ከመፈረማችሁ በፊት አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጥሩ። ደጅ፣ ፀሐይ ላይ ቁማ፣ በአንድ እጇ ይዛ፣ የሃያ ሰው ስም በአማርኛ ትጻፍበት። ስትጨርስ እጇን ጠይቁት።