ያልዳነ እግር እና ቀነኒሳ በቀለ

ከአስር ሶላት በኋላ በወረታ ዙሪያ ያሉት የሩዝ ማሳዎች የልጆች ናቸው። ሩዙ በኅዳርና በታኅሣሥ ታጭዶ ስለሚያልቅ፣ ረመዳን በየካቲትና በመጋቢት ሲውል የፎገራ ሜዳ ደርቆ ኳስ ሜዳ ይሆናል። ፆመኛ ልጅ እስከ መግሪብ ያለችውን ሰዓት የሚገፋው በኳስ ነው። ችግሩ አፈሩ ነው። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው የሚያጥለቀልቁት ዋልካ፣ በበጋ ይደርቅና እግር የሚውጥ ስንጥቅ ይከፍታል። የእህቴ ልጅ እግሩ አንዱ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ቁርጭምጭሚቱ ዞረ። ወጌሻው አሽቶ አሰረለትና “እስከ ዒድ ኳስ የለም” አለው።

ልጁ ገና 14 ዓመቱ ነው። ሁለት ቀን ታገሠ። በሦስተኛው ቀን ከደጃፉ ተቀምጦ የጓደኞቹን ጩኸት ሲሰማ ቆየና ወደ አባቴ ዞረ።

“አባባ፣ ቀነኒሳ እኮ እግሩን እያመመው ነው የሮጠው። አይደለም እንዴ?”

አባቴ ወደ እኔ ተመለከቱ። “በል፣ የሩጫው ነገር ያንተ ነው፤ ንገረው” አሉኝ። ከኢፍጧር በፊት የጀመርኩትን ወሬ ከተራዊሕ ስንመለስ ነው የጨረስኩት። የነገርኩትን እዚህ አሰፍረዋለሁ፤ ዘመኑን በፈረንጆች አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ቀነኒሳ በቀለ በአርሲ በቆጂ የተወለደ፣ በመምህር ስንታየሁ እሸቱ እጅ ሩጫ የጀመረ ሰው ነው። ብዙ ሯጭ አንድ ርቀት ይይዛል። እሱ ሁሉንም ያዘ። በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ከ2002 እስከ 2006 በተከታታይ አምስት ዓመት አጭሩንም ረጅሙንም ርቀት አሸነፈ፤ ያውም ሁለቱ ውድድሮች በተከታታይ ቀናት የሚካሄዱ ነበሩ። በ2004 በስምንት ቀን ልዩነት የ5 ሺሕና የ10 ሺሕ ሜትር የዓለም ክብረ ወሰኖችን ሰበረ። የ5 ሺሑ 12 ደቂቃ ከ37 ነጥብ 35 ሰከንድ፣ በኋላ በ2005 ያሻሻለው የ10 ሺሑ ደግሞ 26 ደቂቃ ከ17 ነጥብ 53 ሰከንድ፣ ሁለቱም እስከ 2020 ድረስ ሳይነኩ ቆዩ። በአቴንስ አንድ፣ በቤጂንግ ሁለት የኦሎምፒክ ወርቅ አለው።

ከዚያ የበርሊኑ የ2009 የዓለም ሻምፒዮና መጣ። የ10 ሺሑን ወርቅ ወሰደ። የ5 ሺሑ ፍጻሜ ነሐሴ 23 ነበር፤ ረመዳን በገባ በሁለተኛው ቀን። ምግብ እየተሰናዳ፣ አንድ ዓይን ሰዓቱ ላይ አንድ ዓይን ቴሌቪዥኑ ላይ የነበረበትን ያን ከሰዓት በኋላ የሚያስታውስ ቤተሰብ ይኖራል። አሜሪካዊው በርናርድ ላጋት በመጨረሻው ቀጥታ መንገድ ሊያልፈው ደርሶ ነበር፤ ቀነኒሳ መልሶ ቀደመው። በአንድ የዓለም ሻምፒዮና ሁለቱንም ርቀቶች ያሸነፈ የመጀመሪያው ወንድ ሆነ። 27 ዓመቱ ነበር።

ከዚያ በኋላ ባቱ ተጎዳ።

የባት ጡንቻ ነገር አስቸጋሪ ነው። ቀነኒሳ በእግሩ የፊተኛው ክፍል እየረገጠ የሚሮጥ ሰው ነው። ውበቱ ከዚያ ይመጣል፤ ሸክሙ ግን ባትና የተረከዝ ጅማት ላይ ያርፋል። የተቀደደ ጡንቻ ሲጠግን ቦታው እንደ ድሮው አይለጠጥም። ሯጩ ሳያውቀው ያን እግር ማዳን ይጀምራል፣ ሸክሙን ወደ ሌላው እግር፣ ወደ ጭኑና ወደ ዳሌው ያዞራል። ከዚያ ሌላው ቦታ ያመዋል። የእህቴን ልጅ በዚህ ጊዜ አየሁት። በግራ እግሩ ብቻ እየተደገፈ ቆሞ ነበር። ምንም አላልኩትም።

በ2011 የዓለም ሻምፒዮናው በደቡብ ኮሪያዋ ዴጉ ሆነ። ቀነኒሳ ከ2010 መጀመሪያ ወዲህ አንድም ውድድር አላደረገም ነበር። በመም ላይ በ10 ሺሕ ሜትር ደግሞ ተሸንፎ አያውቅም። ነሐሴ 28፣ ረመዳን ሊሰናበት ጥቂት ሲቀረው፣ መስመሩ ላይ ቆመ። ከ25ቱ ዙር 15ቱን ያህል እንደሮጠ ከመሙ ወጣ። እኛ ቤት ማንም አልተናገረም። በኋላ ግን ደስታም መጣ፤ በመጨረሻዎቹ ሜትሮች ኢብራሂም ጄይላን ሞ ፋራህን ቀድሞ ወርቁን ለኢትዮጵያ አስቀረ። በረመዳን መጨረሻ ሁለት ሙስሊም ወጣቶች ለወርቅ ሲተናነቁ ማየት የዚያን ቀን ሐዘን ግማሹን አነሳልን።

አሁን ልጁ የሚፈልገው ክፍል መጣ። “ይኸው፣ አሞት ሮጧል” አለኝ።

ሮጧል፤ አልጨረሰም። ቀነኒሳ በ19ኛው ቀን መስከረም 16 ብራስልስ ላይ በዚያው ርቀት 26 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ገባ፤ የዓመቱ ፈጣን ሰዓት ነበር። 19 ቀን ከአንድ ረመዳን ያንሳል። በእኔ እይታ ዴጉ ላይ የጎደለው ወኔ አልነበረም፤ ሰውነቱ የጠየቀው ጥቂት ሳምንት ነበር። መሄድ አልነበረበትም ባይ ነኝ። በእርግጥ ይህን ዛሬ ሶፋ ላይ ተቀምጦ መናገር ቀላል ነው።

በቀጣዩ ዓመት የለንደን ኦሎምፒክም በረመዳን ዋለ። የ10 ሺሑ ፍጻሜ በእኛ ከምሽቱ 5 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነበር፤ ከተራዊሕ መጥተን አየነው። ፋራህ አሸነፈ፣ የቀነኒሳ ታናሽ ወንድም ታሪኩ ነሐስ ወሰደ፣ ቀነኒሳ አራተኛ ሆነ።

ብዙ ሰው ያኔ አበቃለት አለ። እሱ ግን ወደ ማራቶን ሄደ። በ2014 ፓሪስ ላይ የመጀመሪያውን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ መውጣትና መውደቅ ነው፤ ዱባይ አቋርጦ ወጣ፣ በርሊን አሸነፈ፣ እንደገና አቋረጠ። በመስከረም 2019 በርሊን ላይ መሐል መንገድ ወደ ኋላ ሲቀር ይህም አለቀ ብለን ነበር፤ ተነሥቶ የቀደሙትን ለቅሞ በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ገባ። የኪፕቾጌ የዓለም ክብረ ወሰን በሁለት ሰከንድ አመለጠው። በ2020 ዓለም ሁሉ የጠበቀው የሁለቱ የለንደን ፉክክር ቀረ፤ ውድድሩ ሁለት ቀን ሲቀረው ቀነኒሳ በባቱ ጉዳት ራሱን አገለለ። በዚያ ቀን ብዙ ሰው ተናደደ። እኔ ዴጉን አስታውሼ ደስ አለኝ። በ2024 በ41 ዓመቱ በዚያችው ለንደን 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ሮጦ ሁለተኛ ወጣ።

እህቴ ሳምቡሳውን እየጠበሰች ትሰማ ነበር። “የሲፋንንም ንገረው እንጂ” አለችኝ። ከአዳማ በልጅነቷ ተሰዳ ለኔዘርላንድስ የምትሮጠው ሲፋን ሐሰን በ2023 የመጀመሪያ ማራቶኗን ለንደን ላይ ስትሮጥ ዒደል ፊጥር ካለፈ ሁለት ቀኑ ነበር፤ ዝግጅቷ በረመዳን ውስጥ ነው ያለፈው። ዳሌዋን ሲያማት መንገድ ዳር ቆማ አፍታታችው፣ መሪዎቹ ሄዱባት። ቆይታ ደረሰችባቸውና አሸነፈች።

አባቴ ይህን ጊዜ ጣልቃ ገቡ። “ስማ ልጄ፣ በረመዳን የታመመ ሰው ምን ያደርጋል?”

“ያፈጥርና በኋላ ቀዷ ያወጣል።”

“ኃጢአት አለበት?”

“የለበትም።”

“በል እግርህም ታሟል፤ ከኳሱ ያፍጥር። አንተ ፆምህን ፁም።”

ልጁ ሳቀ። አዛን ሲሰማ ተምሩን አነሣና ቢስሚላህ አለ። በሁለተኛው ተምር ላይ ግን ቀና ብሎ “ከዒድ በኋላ ስንት ቀን?” ሲል ጠየቀኝ።