የሕዝብ ቅሬታና የሹም ፍርድ፤ በአዮዋ የኳስ ሜዳ ስለ ታየው ነገር

ሕዝብ የማይወደውን ነገር ዝም ብሎ ያልፈዋል፤ አጥብቆ የሚወደው ነገር ሲደክምበት ግን ይጮኻል፥ ይከሳል፥ ለውጥንም ይጠይቃል። እንዲህ ያለ ጊዜ በመጣ ቁጥር ሁለት ወገኖች አብረው ይፈተናሉ። የሚጮኸው ሕዝብ ፍርድ ሳያጓድል ቅሬታውን ማሰማት ይገባዋል፤ የሚሰማውም ሹም ከወገን ርቆ በጊዜው መፍረድ ይገባዋል። ለዚህ ማስረጃ የሚሆነው በአሜሪካ አገር በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የእግር ኳስ ቡድን ላይ ከ2022 እስከ 2024 የደረሰው ነገር ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

አዮዋ በአሜሪካ መካከለኛ ክፍል የምትገኝ፥ በበቆሎ እርሻዋ የታወቀች ግዛት ናት። እንደ ሌሎቹ ታላላቅ ግዛቶች ለሙያው ደመወዝ እየተከፈለው በአገሪቱ ከፍተኛ ማኅበር ውስጥ የሚጫወት የኳስ ቡድን የላትም። ስለዚህ ገበሬውም፥ ነጋዴውም፥ የመንግሥት ሠራተኛውም ፍቅሩን የጣለው በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጨዋታ ላይ ነው። የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ በ1847 የተመሠረተ ሲሆን የኳስ ሜዳው 69 ሺህ ያህል ሕዝብ ይይዛል። ሜዳው የተሰየመው በ1939 የአገሪቱን ታላቅ የተጫዋች ሽልማት አግኝቶ በ1943 በባሕር ኃይል የአውሮፕላን ልምምድ ላይ ሳለ በሞተው በናይል ኪኒክ ስም ነው። በሜዳው አጠገብ የሕፃናት ሆስፒታል አለ። ከ2017 ጀምሮ የጨዋታው የመጀመሪያ ሩብ ሲያልቅ ሕዝቡ በሙሉ ፊቱን ወደ ሆስፒታሉ መስኮቶች መልሶ ለታመሙት ልጆች እጁን ያውለበልባል። በቡድኑ ላይ የሚያጉረመርመው ሕዝብ ይኸው ሕዝብ መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

የአሜሪካ እግር ኳስ በስሙ እግር ኳስ ይባል እንጂ አብዛኛው ሥራ የሚሠራው በእጅ ነው። በያንዳንዱ ወገን 11 ሰዎች ይሰለፋሉ። ኳሱን የያዘው ቡድን በአራት ሙከራ 10 ያርድ፥ ማለት 9 ሜትር ያህል፥ ወደፊት መግፋት አለበት። ከገፋ ሌላ አራት ሙከራ ይሰጠዋል፤ ካልገፋ ኳሱ ለተቃራኒው ይሆናል። በሦስት ሙከራ ያልተሳካለት ቡድን ብዙውን ጊዜ በአራተኛው ኳሱን በእግሩ አርቆ ይመታውና ተቃራኒው ከሩቅ እንዲጀምር ያደርገዋል። ኳሱን ይዞ የመጨረሻውን መስመር ያለፈ 6 ነጥብ፥ በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል መትቶ ያሳለፈ 3 ነጥብ ያገኛል። ተቃራኒውን ከነኳሱ በገዛ መስመሩ ውስጥ ይዞ የጣለ ደግሞ 2 ነጥብ ያገኛል።

ከያንዳንዱ ሙከራ በፊት ማን ኳሱን እንደሚይዝ፥ ወደየት እንደሚሮጥ፥ ወይም ለማን እንደሚወረወር የሚወስን አሠልጣኝ አለ፤ እርሱም የማጥቃቱ ክፍል ኃላፊ ይባላል። አስቀድመው ከተጠኑት ብዙ ዘዴዎች አንዱን መርጦ ትእዛዝ ያስተላልፋል። እስከ 2023 ድረስ በዩኒቨርሲቲዎች ጨዋታ ትእዛዙ የሚተላለፈው በእጅ ምልክትና ሥዕል ባለበት ሰሌዳ ነበር፤ በተጫዋቹ የራስ ቁር ውስጥ በሬዲዮ መናገር የተፈቀደው በ2024 ነው። ውሳኔውም ውጤቱም ወዲያው በሕዝብ ፊት ስለሚገለጥ ከመቀመጫው ሆኖ የማይፈርድ ተመልካች የለም። የሌላ ሠራተኛ ስሕተት በመዝገብ ውስጥ ተሸሽጎ ይኖር ይሆናል፤ የዚህ ሰው ስሕተት ግን በአንድ ቅዳሜ ቀን ከስድሳ ጊዜ በላይ በአደባባይ ይመረመራል።

የቡድኑ ዋና አሠልጣኝ ኪርክ ፈረንዝ ሥራውን የጀመሩት በ1999 ነው። አሠልጣኝ በየጥቂት ዓመቱ በሚሻርበት አገር በ2023 ዘመን 25ኛ የጨዋታ ዓመታቸውን አደረሱ። መንገዳቸው የትዕግሥት መንገድ ነው፤ ኳስ በከንቱ አለማስነጠቅ፥ ተቃራኒውን ከሩቅ ማስጀመር፥ በመከላከል መጽናት፥ እስኪሳሳትም መጠበቅ። ልጃቸው ብራያን ፈረንዝ በዚያው ዩኒቨርሲቲ የተጫወተ ነው፤ በኋላም ኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ በተባለው ታላቅ ቡድን ሠርቶ በ2012 ወደ አዮዋ ተመለሰና በ2017 የማጥቃቱ ክፍል ኃላፊ ሆነ። በዚያው ዓመት ቡድኑ ኃይለኛውን ኦሃዮ ስቴትን 55 ለ 24 ባሸነፈ ጊዜ ስለ ልጁ ሹመት የሚያጉረመርም ብዙ አልነበረም።

ነገሩ የከፋው በ2022 ነው። የዓመቱ የመጀመሪያ ጨዋታ ከሳውዝ ዳኮታ ስቴት ጋራ ተደርጎ አዮዋ 7 ለ 3 አሸነፈ። ነገር ግን ከሰባቱ ነጥቦች ሦስቱ በምሰሶዎቹ መካከል ከተመታች አንዲት ኳስ የተገኙ ናቸው፤ አራቱ ደግሞ ተከላካዮቹ ተቃራኒውን ሁለት ጊዜ በገዛ መስመሩ ውስጥ በመጣላቸው የመጡ ናቸው። አጥቂዎቹ አንድ ጊዜ እንኳ መስመሩን አላለፉም። በዓመቱ መጨረሻ ሲቈጠር ቡድኑ በገፋው ርቀት ከ131 ቡድኖች 130ኛ ሆኖ ተገኘ፤ በአማካይ ያገኘውም ነጥብ በጨዋታ ከ18 በታች ነበር። እንዲህም ሆኖ 8 ጨዋታ አሸንፎ 5 ተሸነፈ፤ ይህም የተከላካዮቹ ሥራ ነበር።

የሕዝቡ ቅሬታ ሁለት መልክ ነበረው። አንደኛው ስለ ሥራው ነው። በሦስተኛው ሙከራ ስምንት ያርድ ሲያስፈልግ አራት ያርድ የምታስገኝ ዘዴ ትመረጣለች፤ ተቃራኒው ሊመጣ ያለውን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ከዚያም ኳሱ ይመታና ተከላካዮቹ ዕረፍት ሳያገኙ ይመለሳሉ ይሉ ነበር። ይህ በማስረጃ የተደገፈ ክስ ነው፤ የሚመልሰውም ሥራ እንጂ ቃል አይደለም።

ሁለተኛው ስለ ዝምድና ነው። ዘመድ ከዘመዱ አህያ ከአመዱ እንዲሉ፥ አባት በልጁ ላይ እንዴት ይፈርዳል ተባለ። የዩኒቨርሲቲው ደንብ ማንም ሰው በዘመዱ ላይ አለቃ እንዳይሆን ይከለክላል። ስለዚህ በወረቀት ላይ የልጁ አለቃ የስፖርት ክፍሉ ሹም ጋሪ ባርታ ነበሩ። በየቀኑ ግን ልጁ የሚሠራው በአባቱ ሥር፥ በአባቱ ዕቅድ፥ ለአባቱ ቡድን ነው። ደንቡ ተጠብቋል፤ ደንቡ የተሠራበት ምክንያት ግን አልተጠበቀም። እንዲህ ያለ አሠራር ልጁንም ይጎዳዋል፤ መልካም ቢሠራ በአባቱ ነው ይባላል፥ ቢደክም ደግሞ ያለ አባቱ አንድ ቀን አይቈይም ነበር ይባላል።

ቅሬታው እየበረታ ስለ ሄደ በየካቲት ወር 2023 ሹሙ አዲስ የውል ማሻሻያ አወጡ። የልጁ የዓመት ደመወዝ በ50 ሺህ ዶላር ተቀንሶ 850 ሺህ ሆነ። ውሉ እንዲቀጥል ቡድኑ በጨዋታ በአማካይ 25 ነጥብ ማግኘት፥ ቢያንስም 7 ጨዋታ ማሸነፍ ግዴታ ተደረገበት። ተከላካዮቹ ያገኙት ነጥብ ሁሉ በድምሩ እንዲገባ ተፈቀደ። ይህ ውል ሕዝቡን ለማስታገስ የታሰበ ነበር፤ ያመጣው ግን ሌላ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ተመልካቹ በያንዳንዱ ቅዳሜ ማን አሸነፈ ከማለት ጋራ ስንት ነጥብ ጐደለ እያለ ይቈጥር ጀመር፤ ጋዜጦችም ሒሳቡን በየሳምንቱ አወጡ። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆሞ ማውረድ ይቸግራል ማለት ይህ ነው። ሹሙ ራሳቸው ግን ፍጻሜውን ሳያዩ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር በጡረታ ተሰናበቱ።

የ2023 ጨዋታ ሲጀመር ዕድልም አልረዳም። ኳሱን የሚወረውረው መሪ ተጫዋች በአምስተኛው ጨዋታ ጉልበቱ ተጎድቶ ለዓመቱ ቀረ፤ ከምርጥ ተቀባዮቹም የተጎዱ ነበሩ። በፔን ስቴት 31 ለ 0፥ በጥቅምት ወር ደግሞ በገዛ ሜዳቸው በሚነሶታ 12 ለ 10 ተሸነፉ። ቡድኑ 6 አሸንፎ 2 ተሸንፎ ሳለ በጥቅምት 30 ቀን ተጠባባቂዋ የስፖርት ክፍል ሹም ቤዝ ጌትዝ ብራያን ፈረንዝ ከዓመቱ መጨረሻ በኋላ በሥራው እንደማይቀጥል አስታወቁ። ዓመቱን ግን እንዲፈጽም ፈቀዱ። አንዳንዱ ውሳኔው ዘገየ አለ፤ ሌላው ደግሞ በጨዋታ መካከል መነገሩ ተጫዋቾቹን ያውካል አለ።

ተጫዋቾቹ ግን አልታወኩም። ከውሳኔው በኋላ ኖርዝዌስተርንን 10 ለ 7፥ ራትገርስን 22 ለ 0፥ ኢሊኖይን 15 ለ 13፥ ነብራስካን 13 ለ 10 አሸንፈው የምድባቸው አንደኛ ሆኑ። ከዚያ በኋላ በማኅበሩ የፍጻሜ ጨዋታ በሚሺጋን 26 ለ 0፥ በመጨረሻም በቴነሲ 35 ለ 0 ተሸነፉ። ዓመቱ ሲደመር በሜዳ ላይ 10 አሸንፈው 4 ተሸነፉ። በ14 ጨዋታ ያገኙት 216 ነጥብ፥ የተገባባቸው ደግሞ 207 ነበር። በአማካይ 15 ነጥብ ከግማሽ ማለት ነው፤ ውሉ ከጠየቀው 25 እጅግ የራቀ ነው። በዘጠኝ ነጥብ ብልጫ ብቻ አሥር ድል መገኘቱ የሚያስደንቅ ነው።

ይህን ያህል ድል ያስገኘው በፊል ፓርከር የሚመራው የመከላከሉ ክፍል ነው፤ እርሳቸውም በዚያ ዓመት የአገሪቱ ምርጥ ረዳት አሠልጣኝ ተብለው ተሸለሙ። ጋን በጠጠር ይደገፋል እንዲሉ፥ ከአውስትራሊያ የመጣው ቶሪ ቴለርም በእግሩ ብዙ ደገፈ። አጥቂዎቹ በደከሙ ቁጥር እየተጠራ በዓመቱ 93 ጊዜ ኳሱን አርቆ መትቶ በድምሩ 4,479 ያርድ አስኬደ፤ ከ1938 ጀምሮ ያልተሰበረውንም የአገሪቱን ክብረ ወሰን ሰበረ። ሕዝቡ አርቆ መምታት ማሸነፍ ነው የሚል ጽሑፍ የታተመበት ሸሚዝ ለብሶ ይታይ ነበር። ሳቁ ግን ግማሹ ኀዘን ነበር፤ የዚህ ተጫዋች ክብር የጓደኞቹ ድካም መለኪያ ነበርና።

በ2024 ቲም ሌስተር የማጥቃቱን ሥራ ተረከቡ። ቡድኑ በ13 ጨዋታ 360 ነጥብ አገኘ፤ ይህም በአማካይ ከ27 በላይ ነው። የተገባበት 232 ነበር። የድሮው ውል ይፈጸም ኖሮ በነጥብ በኩል በደስታ በተፈጸመ ነበር። ነገር ግን ቡድኑ 8 አሸንፎ 5 ተሸነፈ። ነጥቡ በዛ፤ ድሉ ግን ካለፈው ዓመት አነሰ።

ከዚህ ተነሥቶ የሕዝቡ ቅሬታ ከንቱ ነበር የሚል ቢኖር ይሳሳታል። በትንሽ ብልጫ የሚገኝ ድል በአንዲት ያልተያዘች ኳስ የሚጠፋ ድል ነው፤ ከጠንካሮቹ ጋራ በተገናኙ ጊዜም ሦስት ጨዋታ ያለ አንዲት ነጥብ መጠናቀቁ ድካሙን ገልጦታል። ድሉ ደካማውን ክፍል ሸፍኖት ነበር እንጂ አላዳነውም። ሕዝቡ በማሸነፉ ተታሎ ዝም አለማለቱ የማስተዋል ምልክት ነው። የተሳሳተው ከሥራው አልፎ ሰውየውን የነቀፈው፥ አባትና ልጅ መሆናቸውን እንደ ኃጢአት የቈጠረው ወገን ነው። አባቱን መውደድ ለልጅ፥ ልጁን መውደድ ለአባት የተፈጥሮ ነው፤ ነውሩ በፍቅሩ ላይ አይደለም፥ ፍርድ የሚሰጥ ሦስተኛ ሰው በመካከላቸው በእውነት አለመቆሙ ነው።

የሥራ ኃላፊነት ላለባቸው ሁሉ ከዚህ የሚወሰድ ትምህርት አለ። ለሠራተኛ የሚሰጥ መለኪያ የሚፈለገውን ነገር የሚለካ መሆን አለበት፤ 25 ነጥብ የሚለው ቍጥር ለሹሙ የፍርድን ሸክም ያቀለለ መሰለ እንጂ ፍርዱን አልተካም። ከሹመቱ በፊት በዝምድናው ላይ በግልጥ ቢመከርበት፥ ድካሙም በታየ ጊዜ ሥልጣን ያለው ሰው ሥራውን መርምሮ ራሱ ቢወስን ኖሮ፥ አንድ ሰው በሺህ በሚቈጠር ሕዝብ ፊት በየሳምንቱ በሒሳብ ባልተሰቃየ ነበር። በመጨረሻ የፈረዱት ሹም ለአባትየውም ለልጁም ዘመድ አልነበሩም፤ ውሳኔውን በጥቂት ቃል ተናገሩ፥ ሠራተኛውንም ሥራውን በክብር እንዲፈጽም ተዉት። ይህ ከሁለት ዓመት በፊት ሊደረግ ይችል ነበር።