ፕሮግራሙ የተሠራበትን ቀን እንዴት ያውቃል?

ከደጀን ተነስቶ በቢቸናና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር የሚዘልቀውን መንገድ ተከትለው ያሉ የጤና ተቋማት፣ እንደ ሌሎቹ የአገሪቱ ተቋማት ሁሉ፣ ሪፖርታቸው የሚጠናቀረው ዲኤችአይኤስ 2 በተባለ ሶፍትዌር ነው። መነሻው ከአፓርታይድ ማክተም ጋር በደቡብ አፍሪካ የተጀመረ ሥራ ሲሆን ዛሬ ልማቱን የሚመራው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው። የተጻፈው በጃቫ ነው። የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠርም ያውቃል፤ ጳጉሜን ጨምሮ 13ቱንም ወር።

ከገጾቹ መካከል ብዙ ሰው የማይከፍተው አንድ አለ። እዚያ ላይ የሶፍትዌሩ ቨርዥን፣ የተሠራበት ኮድ መለያና የተሠራበት ጊዜ ተጽፈዋል። አንዱ ሰርቨር ላይ በትክክል የሚወጣ ድምር ሌላው ላይ ቢዛባ፣ አስቀድሞ መታየት ያለበት ይህ ገጽ ነው። ሁለቱ ላይ የተጫነው አንድ ኮድ መሆኑ ሳይረጋገጥ ስህተት ማሰስ ድካም ብቻ ነው።

ታዲያ ይህን መረጃ ማን ጻፈው? ሰው በእጁ ቢጽፈው አንድ ቀን መርሳቱ አይቀርም፤ የተረሳ ቁጥር ደግሞ ከሌለ ቁጥር ይብሳል፤ ያሳስታልና። ስለዚህ ሥራው ለመገንቢያው መሣሪያ ይተዋል። የዲኤችአይኤስ 2 መገንቢያ ሜቨን ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከኮዱ ጋር አንዲት ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ትቀመጣለች። በእያንዳንዱ መስመር ከእኩል ይሆናል ምልክቱ በፊት የመረጃው ስም አለ፤ ከምልክቱ በኋላ ግን ቁጥር የለም፤ የዶላር ምልክትና በጥምዝ ቅንፍ የታጠረ ሌላ ስም ብቻ። ሜቨን ፋይሏን ሲቀዳ ቅንፉን አንስቶ እውነተኛውን ዋጋ ይተካል። ባለሙያዎች ፊልተሪንግ ይሉታል። ፖም በተባለው የፕሮጀክቱ ፋይል ላይ ፊልተሪንግ ካልተፈቀደ መተካቱ አይካሄድም፤ ተጠቃሚውም በቀኑ ቦታ የዶላር ምልክቱን እንዳለ ያገኘዋል።

ዋጋው ከብዙ ቦታ ሊመጣ ይችላል። ፖሙ ላይ ሊጻፍ፣ ወይም ግንባታው ሲጀመር በትእዛዝ መስመር ሊሰጥ ይችላል፤ ሁለቱ ከተጋጩ የሚያሸንፈው ትእዛዙ ነው። የኮዱን መለያ ግን ግንባታው በሚካሄድበት ሰዓት፣ የኮዱን የለውጥ ታሪክ ከሚይዘው ከጊት ጠይቆ የሚያመጣው ፕለጊን የተባለ የሜቨን ተጨማሪ ክፍል ነው።

ብዙ ጀማሪ የሚደናቀፈው እዚህ ላይ ነው። ሜቨን ከሁሉ በፊት ፖሙን አንብቦ በውስጡ ያሉትን ቅንፎች ይሞላል፤ ፕለጊኖቹን የሚያስነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ፕለጊን ያመጣው ዋጋ የፕሮጀክቱን ቨርዥን ሊቀይር አይችልም፤ ፖሙ አስቀድሞ ተነቦ አልፏል። ለትንሿ ፋይል ግን ይደርሳል፤ ፕለጊኑ ፋይሎቹ ከመቀዳታቸው በፊት ባለው ምዕራፍ ከተጠራ ነው ታዲያ። ቨርዥኑን ራሱን ከውጭ መስጠት ለሚፈልጉ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው ሜቨን 3.5.0 ሪቪዥን የሚባል ስም ፈቅዶላቸዋል፤ ዋጋው በትእዛዝ መስመር ይሰጣል።

ሜቨን ራሱ የሚያቀርበው የግንባታ ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት የተቆጠረ ነው፤ ከኢትዮጵያ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ይላል። አዲስ አበባ ላይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተገነባ ሶፍትዌር የሚያሳየው 06:00 ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ የተገነባ ከሆነ ደግሞ በፈረንጆቹ ያለፈውን ቀን ይዞ ይወጣል። ገጹን የሚያነብ ሰው ይህን ካላወቀ ያልጠፋ ቀን ሲፈልግ ይውላል።

ሰዓቱ ሌላም ጣጣ አለው። አንድ ኮድ ዛሬና ነገ ቢገነባ ሁለቱ ፋይሎች በውስጣቸው ባለው ሰዓት ብቻ ይለያያሉ። ለዚህም ሜቨን በሚያሽገው ጥቅል ውስጥ ባሉት ፋይሎች ላይ የሚያርፈውን የሰዓት ማኅተም በአንድ በተወሰነ ጊዜ ላይ የሚያረጋ ፕሮፐርቲ የሚባል ቅንብር አለው፤ ገጹ ላይ የሚወጣው የግንባታ ሰዓት ግን ለብቻው መርጋት አለበት። ጃቫውና ሜቨኑ ተመሳሳይ ቨርዥን ሆነው ሁለቱም ሰዓቶች ከረጉ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነን ሶፍትዌር ማንኛውም ባለሙያ አውርዶና ራሱ ገንብቶ፣ ሰርቨሩ ላይ ከተጫነው ጋር ባይት በባይት ሊያስተያየው ይችላል።