የቆመ መኪና ባትሪ ስለ ምን ይደክማል?

ለከተማችን ለጎንደር መኪና የቅንጦት ዕቃ አይደለም። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ የሚመላለሰው ሚኒባስ፥ በየሰፈሩ ሽቅብ ቁልቁል የሚለው ባጃጅ፥ ከዳባትና ከደባርቅ እህል ጭኖ የሚወርደው አይሱዙ፥ ሁሉም የቤተ ሰብ እንጀራ የተንጠለጠለባቸው ናቸው። ማታ በደኅና የቆመ መኪና ጧት አልነሣም ሲል የሚጎዳው ባለቤቱ ብቻ አይደለም። ሾፌሩና ረዳቱ የዕለት ገቢያቸውን ያጣሉ፤ ተማሪው ከትምህርቱ ይዘገያል፤ ሐኪም ቤት መድረስ የሚገባው በሽተኛም መንገድ ላይ ይቀራል።

እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ብዙ ጊዜ «ባትሪው ሞቷል» ተብሎ ይፈረድበትና አዲስ ይገዛል። ጥቂት ሳምንት ካለፈ በኋላ ግን አዲሱም እንደ አሮጌው ይሆናል። ፍርዱ ያለ ምስክር የተሰጠ ነበርና ጥፋተኛው ሌላ ሆኖ ሳለ ባትሪው ተቀጣ ማለት ነው። ስለዚህ እውነተኛው ጥፋተኛ በምን ዘዴ እንደሚገኝ በአጭሩ ለመግለጽ እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ ባትሪ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ባትሪ የኤሌክትሪክን ኃይል በኬሚካል መልክ የሚያስቀምጥ ጎተራ ነው። በእርሳስና በአሲድ የሚሠራውን ባትሪ በ1859 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የፈለሰፈው ጋስቶን ፕላንቴ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። የመኪና ባትሪ በውስጡ ስድስት ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ ክፍል 2.1 ቮልት ያህል ስለሚሰጥ ሲሞላ በጠቅላላው 12.6 ቮልት ይሆናል። ወደ 12.2 ቮልት ሲወርድ ግማሹ ያህል አልቋል። ትልልቅ የጭነት መኪናዎች ግን ሁለት ባትሪ አያይዘው በ24 ቮልት ይሠራሉ።

ቀድሞ የመኪና ሞተር የሚነሣው በብረት እጀታ በክንድ ኃይል እየተዞረ ነበር። አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ በኤሌክትሪክ የሚያስነሣውን ሞተሪኖ ሠርቶ በ1912 የካዲላክ መኪና ላይ ከዋለ ወዲህ ግን መኪና ያለ ባትሪ የማይነሣ ሆነ። ሞተሪኖው በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ከመቶ አምፔር በላይ ይወስዳል፤ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ደግሞ ዲናሞው የተወሰደውን መልሶ ይሞላል። ባትሪውን እንስራ፥ ዲናሞውን ውኃ ቀጂ ብንለው ነገሩ ይገባናል። እንስራው ከተሰነጠቀ ቀጂው ቀን ሲደክም የዋለበት ውኃ ሌሊት ፈስሶ ያድራል።

የአገራችን አየርም የራሱን ድርሻ ይጨምራል። በብርድ ጊዜ በባትሪው ውስጥ ያለው የኬሚካል ሥራ ይዘገያል፤ የሞተሩም ዘይት ይወፍራል። ስለዚህ በሊማሊሞ አፋፍ በደባርቅ የሚያድር መኪና ጧት የሚፈልገው ኃይል ብዙ፥ የሚያገኘው ግን ጥቂት ነው። በመተማ ቆላ ደግሞ ሙቀቱ የባትሪውን ዕድሜ ያሳጥራል። ከቆላ ወደ ደጋ የሚመላለስ መኪና በሁለቱም በኩል ይፈተናል። በጎንደር አንዳንድ ሾፌሮች ቁልቁለት ፈልገው የሚያቆሙት ጧት አንከባለው ለማስነሣት ነው። ይህ ብልሃት ለጊዜው ይረዳል እንጂ በሽታውን አያድንም፤ ካምቢዮው አውቶማቲክ በሆነ መኪና ላይ ደግሞ ከቶ አይሠራም።

አሁን ወደ ስውሩ ፍሳሽ እንግባ። መኪና ቁልፉ ወጥቶ በሩ ተዘግቶም ቢሆን ጥቂት ኤሌክትሪክ መጠቀሙ አይቀርም። ሰዓቱ፥ የሌባ መከላከያ ጩኸቱ፥ በአዳዲሶቹም ውስጥ ያለው ኮምፒውተር ጥቂት ጥቂት ይወስዳሉ። ይህ ከ0.05 አምፔር እስካልበለጠ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም። ባትሪው 60 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ቢሆን በዚህ መጠን ለማለቅ 1200 ሰዓት ማለትም 50 ቀን ይፈጅበታል። ነገር ግን በዕቃ መጫኛው ውስጥ ያለች የ5 ዋት አምፑል ሳትጠፋ ብትቀር 0.42 አምፔር ያህል ትወስዳለች፤ በሦስት ቀን ውስጥም የባትሪውን ግማሽ ትጨርሳለች። ሁለት የ55 ዋት የፊት መብራቶች ሳይጠፉ ቢታደሩ ደግሞ ከሰባት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ባትሪው ባዶ ይሆናል።

ምርመራው በቅደም ተከተል የሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ባትሪውና ዲናሞው ራሳቸው ጤነኞች መሆናቸው ይረጋገጥ። ሞተሩ እየሠራ በባትሪው ላይ በቴስተር ሲለካ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ያህል መሆን ይገባዋል፤ ከዚህ ካነሰ ዲናሞው አልሞላም ማለት ነው። ባትሪውም በሚገባ ተሞልቶ ገመዱ ተፈትቶ ይደር። ብቻውን አድሮ ከደከመ ጥፋቱ የራሱ ነው፤ ገመዱ ተፈትቶ ጤነኛ፥ ታስሮ ግን ደካማ ከሆነ ፍሳሹ በመኪናው ውስጥ ነው።

ሁለተኛ፤ ሁሉም ነገር ይጥፋ፤ ቁልፉ ይውጣ፤ በሮች ይዘጉ። ኮምፒውተር ያለው መኪና ከሆነ እስኪተኛ ድረስ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል። ይህን ያልጠበቀ ሰው ጤነኛውን መኪና በሽተኛ ነው ሊል ይችላል።

ሦስተኛ፤ የኔጋቲቩ ገመድ ይፈታ። ቴስተሩ በ10 አምፔር መለኪያ ላይ ተደርጎ አንደኛው ጫፍ ከባትሪው ኔጋቲቭ፥ ሁለተኛው ከተፈታው ገመድ ጋር ይያያዝ። እንዲህ ሲሆን የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ሁሉ በቴስተሩ ውስጥ ያልፋል። ገመዱ ሲፈታና ሲገናኝ ኮምፒውተሩ ሊነቃ ስለሚችል ቁጥሩ እስኪረጋ እንደ ገና መታገሥ ነው። በዚህ ጊዜ ሞተሩን ለማስነሣት ወይም መብራት ለማብራት መሞከር አይገባም፤ ቴስተሩ ይቃጠላልና። በአምፔር መለኪያ ላይ እንዳለም ሁለቱን የባትሪ ራሶች በአንድነት ማስነካት አደገኛ ነው።

አራተኛ፤ ቁጥሩ ከፍ ያለ ከሆነ ፊውዞቹ አንድ በአንድ ይነቀሉ። አንዱ ተነቅሎ ቁጥሩ ካልተለወጠ ወደ ቦታው ተመልሶ ሌላው ይነቀል። የአንዱ መነቀል ቁጥሩን በድንገት ካወረደው ሌባው በዚያ ፊውዝ መሥመር ላይ ነው። ከዚያም በመሥመሩ ላይ ያሉት ዕቃዎች በየተራ እየተለያዩ ይፈተሻሉ።

አምስተኛ፤ የትኛውም ፊውዝ ቁጥሩን ካላወረደ ጥርጣሬው ወደ ዲናሞውና ወደ ሞተሪኖው ወፍራም ገመዶች፥ እንዲሁም ከባትሪው በቀጥታ ወደ ተያያዙ ተጨማሪ ዕቃዎች ይሄዳል። በዲናሞው ውስጥ ኤሌክትሪክ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግዱ ዳዮዶች አሉ፤ አንዱ ሲበላሽ በሩ ክፍት ሆኖ ያድራል።

ቴስተር የሌለው ሰው በእርሱ ቦታ የ12 ቮልት አምፑል ሊያያይዝ ይችላል። አምፑሉ ደምቆ ከበራ ትልቅ ፍሳሽ አለ። ትንሹን ፍሳሽ ግን አምፑል አያሳይም።

በሰፈራችን ያለ አንድ ሚኒባስ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ባትሪው ሁለት ጊዜ ተለውጦለታል። በጥምቀት ሰሞን መንገድ ተዘግቶ ሁለት ቀን ቢቆም አልነሣም አለ። በቴስተር ሲለካ 0.6 አምፔር አሳየ። በሁለት ቀን ወደ 30 አምፔር ሰዓት ማለት ነው፤ ይኸውም የባትሪው ግማሽ። ፊውዞቹ በየተራ ሲነቀሉ የውስጥ መብራቱ ፊውዝ ላይ ቁጥሩ ወደ 0.03 ወረደ። መብራቱ ግን ጠፍቶ ነበር። ገመዱ ሲከተሉት በኋላ የተጨመረ የሙዚቃ ድምፅ ማጉያ ከዚያው መሥመር ተያይዞ ተገኘ፤ ቁልፍ ቢወጣም አይጠፋም ነበር። ገመዱ በቁልፉ ከሚታዘዝ መሥመር ጋር ሲያያዝ ነገሩ አበቃ። ሁለት ባትሪ የተገዛው ለአንድ ገመድ ስሕተት ነበር።

ጥንቃቄም አይዘንጋ። ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን የተባለ ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣልና እሳትም ሲጋራም አይቅረበው። አሲዱ ልብስና ዓይን ያቃጥላል። ቀለበትና የእጅ ሰዓት አስቀድሞ ይውለቅ። ሲፈታ ኔጋቲቩ መጀመሪያ፥ ሲታሰር ኔጋቲቩ መጨረሻ ነው። የባትሪው ራስ ላይ የሚቆም እርጥብ ቆሻሻም ራሱ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና በንጽሕና ይያዝ።

አባቶቻችን «ሳይደርቅ በእርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ» ይላሉ። በፊዚክስ ክፍል ስለ አምፔርና ስለ ቮልት የምንማረው ለፈተና ብቻ አይደለም፤ በደጃችን የቆመውን መኪና ለመርዳትም ነው። ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ በቤታችሁም በሰፈራችሁም መኪና አልነሣ ሲል ወላጆቻችሁ ገንዘብ አውጥተው ባትሪ ከመግዛታቸው በፊት «እስቲ መጀመሪያ እንለካው» በሏቸው።